የይፋት ድርና ማግ

በሰሜን ህንድ አዮድያ የምትባል ጥንታዊ ከተማ አለች። ሂንዱዎች ራማ የሚሉት አምላካቸው የተወለደባት ናት ብለው ያምናሉ። በዚህችው ከተማ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ባብሪ የሚባል መስጊድ ነበር። «መስጊዱ የቆመው የራማ ቤተ መቅደስ በነበረበት ቦታ ነው» የሚል ክርክር ለብዙ ዘመን ሲንከባለል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 1992 በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ግልብጥ ብሎ ወጣና መስጊዱን በዶማና በመዶሻ አፈረሰው። ተከትሎ በመጣው ብጥብጥ ሁለት ሺህ ያህል ሰው አለቀ፤ የሚበዙት ሙስሊሞች ነበሩ። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ማፍረሱ ሕገ ወጥ ነበር» አለና ቦታውን ግን ለሂንዱዎች ወሰነ። በጃንዋሪ 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ ራሳቸው ተገኝተው አዲሱን ቤተ መቅደስ መረቁ።

ምርቃቱ አምስት ወር ሳይሞላው ምርጫ ሆነ። የሞዲ ፓርቲ፣ ቢጄፒ፣ ሌላው ቢቀር አዮድያ ያለችበት ወንበር ከእጃችን አይወጣም ብሎ ነበር። ወጣ! ፋይዛባድ በሚባለው በዚያ የምርጫ ክልል ቢጄፒ ከ54 ሺህ በሚበልጥ ድምፅ ተሸነፈ። ያሸነፉት አዋዴሽ ፕራሳድ የሚባሉ አንጋፋ ፖለቲከኛ ሲሆኑ፣ የተወለዱት ድሮ «የማይነኩ» ይባሉ ከነበሩት፣ ዛሬ ዳሊት ከሚባሉት ወገኖች ነው። በአገር ደረጃም ቢጄፒ በ2019 ከነበረው 303 ወንበር ወደ 240 ወረደ።

መቼም ይህን ስታነቡ «የህንድ ምርጫ ለኛ ምናችን ነው?» ማለታችሁ አይቀርም። ከህንድ የምናውቀው ፊልሟን፣ ባጃጇን፣ ዕድሜው የገፋው ደግሞ በንጉሡ ዘመን ሒሳብ ያስተማሩትን መምህሮቿን ነው። እኔ ግን ስለ አዮድያ ባነበብኩ ቁጥር ሐሳቤ የሚሄደው ወደ ማጀቴ ነው። ወደ ማጀቴ፣ ወደ ካራቆሬ፣ ወደ አጣዬ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት፤ በአጠቃላይ ወደ ይፋት ቆላ። ምክንያቴን ለማስረዳት ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ መጀመሪያ የህንዱን ነገር ትንሽ ልግፋበት። የህንዱን ዘመን በፈረንጆች፣ የኛውን በኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

«ህንድ የሂንዱዎች ናት» የሚለው አስተሳሰብ የትናንት አይደለም። ሳቫርካር የተባለው ሰው ሂንዱትቫ የሚለውን መጽሐፉን ያሳተመው በ1923 ነው። አርኤስኤስ የሚባለው ማኅበር በ1925 ተቋቋመ። ሆኖም አስተሳሰቡ ለረዥም ጊዜ ድምፅ አያስገኝም ነበር። ቢጄፒ በ1984 ምርጫ ያገኘው ሁለት ወንበር ብቻ ነው፤ ከአምስት መቶ በላይ ከሚሆኑት ሁለት! ለምን? ሂንዱ የሚባለው ሕዝብ አንድ ሕዝብ ሆኖ ድምፅ አይሰጥም ነበርና። በዘር ደረጃ የተከፋፈለ ነው። በቋንቋ የተከፋፈለ ነው። ደቡቡና ሰሜኑ አይግባቡም። የቢሃሩ ገበሬ የመሬትና የመስኖ ጥያቄውን ይዞ አንዱን ፓርቲ ሲመርጥ፣ ጎረቤቱ ሙስሊም ያንኑ ጥያቄ ይዞ ያንኑ ፓርቲ ሊመርጥ ይችላል።

ስለዚህ የፓርቲው ሥራ ይህን ሁሉ ልዩነት የሚሸፍን አንድ ትልቅ ልዩነት ማግኘት ነበር። አዮድያ ተገኘች። በ1990 የፓርቲው መሪ አድቫኒ ሠረገላ አስመስለው ባሠሩት መኪና ተቀምጠው ከሶምናት ወደ አዮድያ ጉዞ ጀመሩ። ጉዞው የተጀመረው መንግሥት ለታችኞቹ የዘር ደረጃዎች የሥራ ኮታ እሰጣለሁ ባለ በሳምንታት ውስጥ መሆኑን ልብ በሉ። ሂንዱው በዘር ደረጃው ሊከፈል ሲል «ሂንዱነትህን አስታውስ» ተባለ። በ1989 ሰማንያ አምስት የነበረው ወንበር በ1991 መቶ ሃያ፣ በ2014 ደግሞ 282 ደረሰ። በሃይማኖት ስም ድምፅ መለመን በህንድ የምርጫ ሕግ የተከለከለ ነው። ሕጉ ግን ሠረገላውን አላቆመውም።

አሁን ወደ ይፋት እንውረድ።

ሸማኔ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ድር ወደ አንድ አቅጣጫ የተዘረጋ ክር ነው፤ ብቻውን ጨርቅ አይሆንም። ማጉ ሲያቋርጠው ነው ጋቢ የሚሆነው። ይፋት እንደዚያ ናት። አማርኛ ተናጋሪው ክርስቲያንም ሙስሊምም ነው። ሙስሊሙ ደግሞ አማራም፣ አርጎባም፣ ኦሮሞም፣ ወደ ቆላው ሲወርዱ አፋርም ነው። ቋንቋው ሲያለያይህ ሃይማኖቱ ያገናኝሃል፤ ሃይማኖቱ ሲያለያይህ ቋንቋው፣ ገበያው፣ አማችነቱ ያገናኝሃል። ሠርግና ተዝካር ሲደገስ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የየራሱ ይታረዳል፤ የሙስሊሙን የሚባርክ ሙስሊም ነው፣ የክርስቲያኑን ክርስቲያን። ደም ሲፈስ ደግሞ አበጋሮች ይጠራሉ። ይህ መቻቻል ብለን በስብሰባ የምናወድሰው ዓይነት ጽድቅ አይደለም። ሰው አብሮ ለመኖር ሲል ያበጀው ሥርዓት ነው።

ይህ ድርና ማግ በአንድ ቀን አልተሸመነም። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች ላይ ኖራ፣ አስባሪና ማሰል የሚባሉ የፈረሱ የድንጋይ ከተሞች አሉ፤ የፈረንሳይ የቁፋሮ ባለሙያዎች በ1999 ዓ.ም. ወሬያቸውን ለዓለም አሰሙ። መስጊዳቸው፣ መቃብራቸው፣ የቤታቸው ግድግዳ ዛሬም ይታያል። በመካከለኛው ዘመን የይፋት ሱልጣኔት ይባል የነበረው አገር ቅሪቶች ናቸው። የወላስማ ሥርወ መንግሥት የሸዋን የቀድሞ ሱልጣኔት እ.ኤ.አ. በ1285 ጠቅልሎ፣ ከዘይላ ወደ መሐል አገር የሚመጣውን የንግድ መንገድ ይዞ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1332 ዐፄ ዓምደ ጽዮን ወደዚህ ዘመቱ። ሱልጣን ሰብረ ዲን ተሸነፈ።

ዛሬ ይህን ታሪክ በሁለት ጎራ ሆነው የሚያነቡት አሉ። አንዱ «ክርስቲያኑ ንጉሥ እስላሙን ድል ነሣ» ብሎ ደረቱን ይነፋል፤ ሌላው «የተቀማ አገራችን» ብሎ ያለቅሳል። ሁለቱም የሚዘሉት አንድ አረፍተ ነገር አለ። ዓምደ ጽዮን ካሸነፉ በኋላ በይፋት ላይ የሾሙት የሰብረ ዲንን ወንድም ጀማል ዲንን ነው። ሙስሊም በሙስሊም ተተካ ማለት ነው። ንጉሡ የፈለጉት መንገዱንና ግብሩን ነበር።

አምስት መቶ ዓመት ቆይቶም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ይፋትን ያስተዳድሩ የነበረው ወላስማ መሐመድ በሚባል ሙስሊም ገዢ ነው፤ የድሮው ስም ማዕረግ ሆኖ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ እንደጻፈው፣ ንጉሡ ዙፋን ይቀሙኛል ብለው የሚፈሯቸውን የገዛ ዘመዶቻቸውን ያስሩ የነበረው በጎንቾ፣ በዚሁ በወላስማው ጥበቃ ሥር ነበር። እስቲ አስቡት፦ ክርስቲያኑ ንጉሥ ከገዛ ወንድሞቹ ይልቅ ሙስሊሙን ባለሥልጣን ያምናል! አሊዩ አምባ ላይ ደግሞ ከሐረርና ከታጁራ የመጣው ነጋዴ ከደጋው ገበሬ ጋር ይገበያያል።

ታዲያ ድሩን ከማጉ የመለየት ሙከራ መቼ መጣ? ሁልጊዜ ከላይ፣ ሁልጊዜም ሥልጣን ሲጠብ።

በ1870 ዓ.ም. በወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ ጠሩ፤ ምኒልክም ነበሩ። ጉባኤው የክርስቲያኑን የሃይማኖት ክርክር ከዘጋ በኋላ ለወሎ ሙስሊም መኳንንት ትእዛዝ ወጣ፦ ወይ ተጠመቁ፣ ወይ ሹመታችሁን ልቀቁ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባሉ፤ አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ሆኑ። ለአገር አንድነት ታስቦ ነው የሚሉ አሉ፤ አስበውም ይሆናል። ውጤቱ ግን በሼህ ጦለሃ የተመራውን ዓይነት አመፅ፣ ስደትና ረሃብ፣ በቀን ቤተ ክርስቲያን ተስሞ በማታ የሚሰገድበትን ኑሮ ወለደ። ሰው በአዋጅ አንድ አይሆንም፤ መደበቅን ይማራል እንጂ።

ከዚያ ልጅ ኢያሱ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት መኳንንቱ ኢያሱን ሻሩ። ክሱ «ሰልሟል» የሚል ነበር። ኢያሱ ሐረርና ጅጅጋ እየተመላለሱ ከሙስሊሞች ጋር መወዳጀታቸው እውነት ነው። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በዓለም ጦርነት መሐል ይህን አልወደዱትም፤ እሱም እውነት ነው። መስለማቸው ግን ዛሬም ያከራክራል። ክሱ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጥ ነው፦ ሕዝቡና መኳንንቱ ለኢያሱ መሐላ ነበረባቸው፤ ያንን መሐላ ሊፈታ የሚችለው ጳጳሱ ብቻ ነበር፤ ጳጳሱም መሐላ የሚፈቱት በሃይማኖት ጉዳይ ነው። በአስተዳደር ጉድለት ብቻ ቢከሰሱ ኖሮ አቡነ ማቴዎስ ምን ብለው ይፈቱ ነበር?

ከዚያ በኋላ የሆነውን የይፋትና የሸዋ አዛውንቶች ሲያወሩት ኖረዋል። ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ዙፋን ለማስመለስ ከወሎ ተነሡ። ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድ ወደቁ፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ደግሞ ሚካኤል ተማረኩ። በሺዎች አለቁ። «የእስላምና የክርስቲያን ጦርነት» ብሎ የሚያወራው አልጠፋም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። የወሎን ጦር የመሩት ሚካኤል የተጠመቁ፣ ቤተ ክርስቲያን ያሳነጹ ክርስቲያን ነበሩ። ከሁለቱም ወገን ታቦት ያለው፣ ከሁለቱም ወገን ልጁን የቀበረ ነበር። ሃይማኖት የክሱ ወረቀት ላይ እንጂ የሰልፉ መስመር ላይ አልነበረም።

«ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» የሚለውን የምናውቀው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ስም ነው። ጥሩ አባባል ነው። ነገር ግን በዚሁ ዘመን የወጣው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስን የመንግሥት ሃይማኖት ያደረገ ነበር። ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ የፓርላማ እንደራሴ የመረጠው በ1950 ዓ.ም. መባቻ ነው፤ ፓርቲ ግን አልነበረም። ሙስሊሙ ግብር ከፋይ፣ መራጭ፣ ወታደር ነው፤ በወግ የሚጠራው ግን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ተብሎ ነበር። በአንዲት ቃል እንግዳ ያደርጉሃል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የወጣው ትልቅ ሰልፍ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ ይህችው ቃል እንድትቀየር ነበር፦ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» በሉን። በሰልፉ ክርስቲያኖችም ወጥተዋል። ደርግ ሦስቱን የሙስሊም በዓላት ብሔራዊ በዓል አድርጎ አወጀ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው አለ።

እንግዲህ በሩ ተዘጋ ትላላችሁ። የአንዱ ቤት በር ተዘጋ፤ የሌላው ተከፈተ።

ይህ አገር ቀድሞ ይፋትና ጥሙጋ የሚባል አንድ አውራጃ ነበር። አዲሱ አወቃቀር ሲመጣ አውራጃው በቋንቋ ተከፈለ። ምዕራቡ ሰሜን ሸዋ ዞን ገባ፤ ምሥራቁ ከሚሴን ማዕከል ወዳደረገው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሄደ። ለአርጎባም ልዩ ወረዳ ተቋቋመ። ለዘመናት ስሙ ሳይጠራ የኖረ ሕዝብ በቋንቋው መዳኘቱ፣ ልጁን ማስተማሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን የሚንቅ ሰው የሌላውን ሕመም አያውቅም። ችግሩ ሌላ ነው። በይፋት በብዙ ቦታ ክርስቲያኑ አማራ በአንድ ወገን፣ ሙስሊሙ ኦሮሞ በሌላው ወገን ሲሆን፣ የወረዳው ወሰን፣ ቋንቋውና ሃይማኖቱ በአንድ መስመር ላይ ተደራረቡ። ድሩም ማጉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሆነ። በመሐል የቀረው ሙስሊሙ አማራና አርጎባው ነው። የቀበሌ መታወቂያው ላይ «ብሔር» የሚለው ቦታ ይሞላለት እንጂ፣ ግጭት ሲነሣ «ከማን ወገን ነህ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በዚያ ካርድ ላይ አልተጻፈም።

የመራጩ ልብ ግን እንደ ካርዱ የደረቀ አይደለም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ይህን አይተናል። ቅንጅት አዲስ አበባን ጠቅልሎ ወሰደ፤ በአማራ ክልልም ኢሕአዴግ የኔ ናቸው ያላቸውን ብዙ ወንበሮች አጣ። በይፋዊው ውጤት እንኳ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 ወንበር አገኙ። ያን ዕለት ገበሬው ማዳበሪያውን፣ ብድሩንና የቀበሌ ሹሙን አስቦ ድምፅ ሰጠ። ድምፁን ለዓመታት በአንድ በኩል ሲሰጥ የኖረ ሰው፣ ምርጫ ሲያገኝ ዞረ። ቀጥሎ የሆነው ይታወቃል፤ በ2002 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ። መራጩ መዞሪያ ሲያጣ ወደ ሌላ ነገር ይዞራል፦ ወደ ዘመዱ፣ ወደ መሣሪያው፣ ወደ ታሪኩ።

በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የሆነውን እዚህ በዝርዝር አልጽፈውም። አጣዬ ተቃጠለች፤ ጦሱ ለካራቆሬ፣ ለማጀቴ፣ ለሸዋ ሮቢትና ለከሚሴም አካባቢ ተረፈ። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ሞተ፤ ከሁለቱም ወገን ሬሣ ተነሣ፤ ከሁለቱም ወገን «እነሱ ጀመሩ» ተባለ። በሰኔ 14ቱ ምርጫ አገር ድምፅ ሲሰጥ በዚህ አካባቢ ካሉት የምርጫ ክልሎች አንዳንዶቹ በጸጥታ ምክንያት አልሰጡም። በ2014 የሰሜኑ ጦርነት እዚያው ድረስ ወረደ፤ ከ2015 ወዲህም ሌላ ውጊያ መጣ። አጀንዳቸው በካርድ ያልተመዘነ ሰዎች ስለ ይፋት ይናገራሉ፤ ይፋት ራሷ ግን ድምፅ መስጫ ኮሮጆ ሳታይ ቀረች።

እዚህ ላይ አንድ ወዳጄ የሚለኝን ልንገራችሁ። «አንተ የድሮውን ታስውባለህ፤ ድርና ማግ የምትለው ድህነትና ፍርሃት ነው» ይለኛል። ግማሹ እውነት ነው። በድሮው ይፋት ጭሰኛ ነበር፣ መሬት የሌለው ሙስሊም ነበር፣ የተናቀ ነበር። የተሸመነ ሁሉ አይሞቅም። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው፦ ጭሰኛው ክርስቲያንም ሙስሊምም ከሆነ፣ ጭሰኝነትን ለማስቀረት አብረው መቆም ይችላሉ። በደል በአንድ ሃይማኖት ብቻ የተለካ ሲመስል ግን በዳዩም ተበዳዩም ፖለቲካውን ትቶ መቅደስና መስጊድ ያነጣጥራል። ሐዘን የሚያጋባን ይህ ነው።

ወደ አዮድያ ልመለስና ልጨርስ። የአዮድያ ሰው ራማን አልካደም። ቤተ መቅደሱን ይሳለማል። ግን መንገድ ሲሰፋ ቤቱና ሱቁ ፈርሶ ካሣው ያነሰበት ነበር። ሥራ ያጣ ልጅ ነበረው። ዳሊቱ ደግሞ «400 ወንበር ካገኙ ሕገ መንግሥቱን ይቀይራሉ» የሚለውን ሰምቶ ለኮታው ፈራ። ድሩን ያቋረጠው ማግ ይህ ነበር፦ ካሣ፣ ሥራ፣ ኮታ። ነገሩ በዚያው አላበቃም። በፌብሯሪ 2025 በዚያው በፋይዛባድ ውስጥ ሚልኪፑር በሚባል ቦታ የክልል ምክር ቤት ማሟያ ምርጫ ተደርጎ ቢጄፒ አሸንፏል። የመራጭ ልብ ይዞራል ስል ወደ አንድ በኩል ብቻ ይዞራል ማለቴ አይደለም። መዞር መቻሉ ነው ዋናው።

ለኛም ጥያቄው ይኸው ነው። ነገ አንድ ሰው የኖራን ድንጋይ አንሥቶ «ይህ የአባትህ መስጊድ ነበር» ቢል፣ ሌላው የዓምደ ጽዮንን ስም ጠርቶ «ይህ የአባትህ ርስት ነበር» ቢል፣ ሁለቱም እውነት ሊኖራቸው ይችላል። የማጀቴው ገበሬ ግን «እሺ፤ ማሾዬን ለማን ልሽጠው? መንገዱ መቼ ሰላም ይሆናል? ልጄስ በየት በኩል ትምህርት ቤት ይሂድ?» ብሎ የሚጠይቅበት ጉልበትና ኮሮጆ ያስፈልገዋል።

በዚያ አገር ሁለት መዝገብ አለ። አንዱ የመንግሥት ነው፤ ሰውን በብሔር ይጽፋል። ሌላው የቅሬ ነው፤ ሰውን በሰፈር ይጽፋል፤ ሰው ሲሞት መጥቶ የሚቀብር ማን እንደሆነ ያውቃል። በብዙ ቦታ በሁለተኛው መዝገብ ላይ መሐመድም ወልደ ሚካኤልም በተርታ ተጽፈው ኖረዋል። ከ2013 ወዲህ ምን ያህሉ ቅሬ እንደተከፈለ፣ ምን ያህሉ እንደዛሬም አብሮ እንደሚቀብር የሚቆጥር ሰው ቢገኝ፣ ስለ ይፋት ፖለቲካ ከየትኛውም የምርጫ ውጤት የበለጠ ይነግረን ነበር።